ፊቱ የተሞረደው ሰንጢ

አባቴ ካረፈ በኋላ ልብሶቹ ለሰደቃ ሲለዩ ኪስ የመፈተሹ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ከቡናማው ኮት የውስጥ ኪስ ሦስት ነገር ወጣ፤ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ ጽሑፉ የጠፋ የነዳጅ ደረሰኝና አንድ ሰንጢ። ማበጠሪያውን ጣልኩት። ደረሰኙን እናቴ አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰንጢው እኔ ጋ ቀረ። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሞላው። ዛሬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሠላሳ ባልንጀሮች አሉት።

የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ ደሴ ተወልጄ ደሴ የጎለመስኩ። እንዲህ ያለች ሴት ሰንጢ ትሰበስባለች ሲባል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ወንበሩን ትንሽ ሸሸት ያደርጋል። ጎረቤቴ በአንድ ወቅት፣ «እህት ዓለም፣ ሰው ስኒ ይሰበስባል፣ ሰው ማሰሮ ይሰበስባል፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የወንበዴ ዕቃ የምታከማቺው?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ሰንጢ ስሙ ጠፍቷል። በኪስ አውላቂ ወሬና በመጠጥ ቤት ጠብ ካልሆነ የሚያነሳው የለም። እኔ ያደግኩበት ሰንጢ ግን ብርቱካን የሚልጥ፣ የጭነት ገመድ የሚበጥስ፣ እርሳሴን የሚቀርጽ ነበር። (ጊሌስ፣ ያንን የአፋር ጩቤ፣ ትሰበስቢያለሽ ወይ የሚሉኝ አሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ የወረደ ሰው አፋሮቹን ጊሌያቸውን ታጥቀው ያያቸዋል። እሱ የሰው ክብር ነው፤ ከብስኩት ቆርቆሮ ምን አገናኘው? የእኔ ፍላጎት ታጥፎ ኪስ በሚገባው ላይ ነው።)

አባቴ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው የሚነዳ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ፤ ደግሞ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሩ ዋና ወደብ አሰብ ስለነበረ ያ መንገድ ሌሊትም አይተኛም። ሰንጢውን የገዛው እዚያው አሰብ ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ።

እጀታው አንድ ቅጠል ብረት ታጥፎ የተሠራ ነው፤ እንጨት የለው፣ ቀንድ የለው። ጥቁር የነበረው ቀለም ጠርዝ ጠርዙ ተልጦ ብረቱ ነጥቷል። በጫፉ ገመድ የሚገባበት ማንጠልጠያ አለ። በአንዱ ጎን ምስል ተቀርጾበታል። እግሮቹ ይታያሉ፤ ከሣር የተሠራ የመሰለ ጉርድ ቀሚሱ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም የለም። አንድ ሰው በሞረድ ፍቆታል። የሞረዱ ጭረት አሁንም በአውራ ጣት ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ከቀኝ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ በችኮላ ሳይሆን በትዕግሥት የተሠራ። ልጅ ሆኜ «ጭንቅላቱ የታለ?» ብዬ ጠይቄው፣ «ጂኒ በኪሴ ይዤ አልሰግድም» አለኝ። ለብዙ ዓመታት አባቴ እውነተኛ ጂኒ ገድሎ የመለሰ ሰው ይመስለኝ ነበር።

የሰንጢውን ማንነት ያወቅኩት ከሞተ በኋላ፣ ፎቶ ከፎቶ ሳመሳክር ነው። ዱክ-ዱክ ይባላል። ቲየር በምትባል የፈረንሳይ የቢላዋ ከተማ ኮኜ የተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ይሠራዋል። ምስሉ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉት የሜላኔዥያ ደሴቶች መንፈስ ነው፤ ሰንጢውም መጀመሪያ የታሰበው ለእነዚያ ደሴቶች ገበያ ነበር። ርካሽና ጠንካራ በመሆኑ ግን ፈረንሳይ በገዛችው አገር ሁሉ ተበተነ፤ ሰሜን አፍሪካ ውስጥማ የገበሬው ሁሉ ኪስ ገባ። ጅቡቲም እስከ 1969 ዓ.ም. በፈረንሳይ እጅ ስለነበረች አሰብ ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደተገኘ ለመገመት ብዙ ምርምር አያስፈልግም። አባቴ ጂኒ ያለው ነገር እንግዲህ ከጂኒ ብዙም አይርቅም ነበር።

ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ይኸው ፋብሪካ ለዱክ-ዱክ መንትያ አለው፤ ቅርጹ ያው፣ ብረቱ ያው፣ በመንፈሱ ቦታ ግን የአጋዴዝ መስቀል ያለበት። መስቀል ሲባል ግር እንዳይላችሁ፤ የሰሐራ በረሃዎቹ ቱዋሬጎች ሙስሊሞች ናቸው፣ የአጋዴዝ መስቀልም የብር ጌጣቸው ነው። የዚህ ሰንጢ ስም ደግሞ ኤል ባራካ። በረካ! አቦል፣ ቶና ብለን የምንደርስበት ስኒ። አባቴ ቲየር የሚባል ከተማ መኖሩን ሳያውቅ በሞረዱ የደከመበትን ነገር እዚያ ያሉት በማሽን ሠርተውታል። ይህን ያወቅኩበት ሌሊት የምነግረው ሰው ፈልጌ ነው ጉዳዩ ከአንድ ሰንጢ ያለፈው።

አሁን አምስት ነን። ልብስ ሰፊው፣ ኮምቦልቻ ሥጋ ቤት ያለው ወጣት፣ አንዲት ነርስ፣ ዘንድሮ የተቀላቀሉን ጡረተኛ ሾፌርና እኔ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ አንድ ጊዜ ደሴ፣ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ እንገናኛለን። ቡና ይፈላል፤ ሰንጢዎቹ ሰፌድ ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ይደረደራሉ። እጅ በእጅ መቀባበል የለም። እናቴ ስለት ያለው ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ያጣላል ትል ስለነበር አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሳል። ነርሷ ይህን ደንብ ከእናቴ በላይ ትወደዋለች፤ በሥራዋ የተቆረጠ ጣት የሚበቃትን ያህል አይታለች።

ሌላው ደንብ የእኔ ነው፤ በክርክር ያስጸደቅኩት። ሰንጢ የወደደ ሰው ለአንድ ወር ይወስደዋል፤ ግን ይሠራበታል። ሲመልስ ምን ምን እንደቆረጠበት ይናገራል። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ንጹሕ አድርጎ የሚመልስ ሁለተኛ አይወስድም። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ላይ እምቢ ብሎ ነበር። እሱ የሚወደው ያልተነካ ነገር ነው፤ ከነወረቀቱ፣ ከነካርቶኑ። የአባቴን ሰንጢ ሲያይ ያለው የመጀመሪያ ቃል «ፊቱ ባይሞረድ ኖሮ ዋጋ ነበረው» የሚል ነው። ሦስት ወር ኩርፊያ ላይ ነበርኩ።

እኔ የማነበው ያንን ነው፤ ሰው ያደረሰበትን። የአባቴ ሰንጢ ስለት መሐሉ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ይስለው ስለነበር። ከአንዱ ጎንም ከሌላው ይልቅ ተበልቷል፤ ድንጋዩ ላይ የግራውን ገጽ ብቻ ሲጫን ይታየኛል። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የጎደለው ብረት ስንት ብርቱካን እንደሆነ ማስላት ያምረኛል።

ሥጋ ሻጩ ባለፈው ነሐሴ ወስዶት ሲመልስ፣ «በለስ ልጬበታለሁ» አለ። ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገውም። በለስ የላጠ ያውቃል፤ ሁለቱን ጫፍ ትቆርጣለህ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ትሰነጥቃለህ፣ ከዚያ በሰንጢው አፍ ቆዳውን ጠርዙን ይዘህ እንደ ምንጣፍ ትገልጠዋለህ። እሾሁ ጣትህን ሳይነካ ፍሬው ራቁቱን ይቀራል። ስለቱ ወፍራም ከሆነ ፍሬው ይቦካል። ሃምሳ ዓመት ሲሳል የሳሳ ስለት እዚህ ላይ ተወዳዳሪ የለውም።

ወጣቱ የራሱ ኦካፒ አለው፤ እጀታው እንጨት፣ ጎኑ ላይ ጨረቃና ኮከብ የተለጠፈበት። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1902 ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ መሠራት የተጀመረ ሰንጢ ነው፤ አሁን የሚሠራው ደቡብ አፍሪካ ነው። ሲከፈት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ለመዝጋት ጀርባው ላይ ያለችው ቀለበት ትሳባለች። ድምፁን እወደዋለሁ፤ ሰንጢውን ግን ብዙም። የወንበዴ ዕቃ የሚለው ወሬ ከዚህ ድምፅ ሳይመጣ አልቀረም።

የነርሷ ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው፤ እህቷ ከፈረንሳይ የላከችላት። ስለቱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ እጀታው የቢች እንጨት፣ አንገቱ ላይ ስለቱን የሚቆልፍ ተሽከርካሪ ቀለበት። ቀለበቱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ሰንጢው ራሱ ግን ከ1890 ጀምሮ ያለ። ደሴን አይወዳትም። ሐምሌ ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ስለቱን ነክሶ ይይዛል። አይከፈትም። እንደ ሰው ያኮርፋል። የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ስለቱ ብቅ ይላል፤ የፈረንሳይ ገበሬዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ነርሷ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲያገኝ በራሱ ይከፈታል ትላለች። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ የሚያስታርቀው ሰንጢ!

ስለ ቀዩ የስዊስ ሰንጢ ብዙ አልልም። በሁሉም ሱቅ ውስጥ ያለው አስመሳዩ ነው፤ እውነተኛው ከስለቱ ሥር የፋብሪካው ስም ታትሞበታል። ጠርሙስ ይከፍታል፣ ብሎን ይፈታል፣ ጥርስ ይጎረጉራል። አራት አሉኝ፤ አንዱም አይናፍቀኝም።

ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ሲሠራ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ባለ እጅ አሉ፤ ወናፉን ልጃቸው ይነፋል። ሰንጢ እንዲሠሩልኝ ስለምናቸው፣ «ቢላዋ ከሆነ ማታ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ሰንጢ ግን ሁለት ብረት ነው» አሉኝ። አልገባኝም ነበር። ተቀምጬ ዋልኩ።

ሁለቱም የተቆረጡት ከአንድ ባሌስትራ ነው፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና። ሁለቱም እንደ በርበሬ ቀልተው የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ገቡ። ከዚያ የወጣ ብረት ጠንካራ ነው፣ ግን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ስለዚህ በቀስታ እንደገና መሞቅ አለበት። ባለ እጁ ጥቁሩን በአሸዋ ፈትገው ብረቱን አነጡና ፍሙ ዳር አስጠጉት። ከጀርባው በኩል አንድ ቀለም ተነሳ፤ የጤፍ ገለባ መልክ። እየተሳበ ወደ ስለቱ ሄደ። ስለቱ ጋ ሲደርስ ብረቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ብረት ተራው ሲደርስ ግን ገለባው አልፎ ቡናማ ሆነ፣ ቡናማው ሐምራዊ፣ ሐምራዊው የመስከረም ሰማይ። ያን ጊዜ አወጡት። እሱ ሞላው ነው፤ ስለቱን ከጀርባ ገፍቶ ሲከፈትም ሲዘጋም የሚይዘው። አንዱ እንዲቆርጥ ጠጥሮ ቀረ፤ ሌላው እንዲለጠጥ ለዘበ።

ገለባው ሁለት መቶ ሃያና ሠላሳ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ሰማያዊው ሦስት መቶ አካባቢ። ቀለሙን የሚሰጠው ብረቱ ላይ የሚበቅለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሲወፍር መልኩ ይለወጣል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን፣ ቴርሞሜትር በማያውቁ ሰው እጅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው አገሩ ቡዳ ሲል የኖረው፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ ያስነገሩት አዋጅም አፉን አላስያዘውም። እጀታው የበሬ ቀንድ ሆነ። ቀንዱ ሲሞረድ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ሁለቱም ኬራቲን ናቸውና። ቤት ስገባ ልጄ ጸጉሬን አይታ «ምን ነካሽ?» አለች።

ያን ሰማያዊ ቀለም ደግሜ ያየሁት በኀፍረት ነው። ልብስ ሰፊው በስንት ልመና የአያቱን ሰንጢ ለአንድ ወር ሰጠኝ። ስለቱ ዶልድሞ ነበር። ስስልለት ይደሰታል ብዬ በኤሌክትሪክ ድንጋይ ቢላዋ ለሚስል አንድ ሰው ሰጠሁ። ብልጭታው ሲያምር ቆሜ አየሁ። ሲመልስልኝ ስለቱ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ ጫፉ ላይ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ሰማያዊ። ለሞላ ልክ የሆነው ቀለም ለስለት ሞቱ ነው፤ ብረቱ ለዝቧል፣ በሁለት ቀን ይደንዛል። ውሃ ሳይነካው ስንት ደቂቃ ድንጋዩ ላይ እንደያዘው እግዜር ይወቅ። ስንት ዘመን የፈጀ ጥቁር ግራጫ ወዙም አብሮ ሄዷል።

ለልብስ ሰፊው የነገርኩት በስልክ ነው፤ ፊት ለፊት አልቻልኩም። ዝም አለ። ከዚያ «ያዢው፣ አስተካክለሽ መልሺው» ብሎ ዘጋው። አንድ ክረምት ሙሉ ማታ ማታ እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ ሰማያዊው እስኪያልቅ ድረስ ጥቂት ጥቂት አድርጌ በላሁት። ጫፉ አጠረ። ሽንኩርትና ሎሚ ሳርድበት ደግሞ አዲስ ወዝ መጣለት፤ የድሮው ዓይነት አይደለም። ሰፌዱ ላይ ሳስቀምጥለት አገላብጦ አየና፣ «ይኸው፣ አንቺም ሞረድሽብኝ» አለኝ። ያን ቀን ነው ኩርፊያችን ያበቃው።

ስለ ዘይት ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህም የራሴ ጥፋት ነው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከደሴ ስንወጣ ቆርቆሮውን ይዞ መሄድ የማይታሰብ ነበር። በየኬላው የሚፈተሽ ሰው ሠላሳ ሰንጢ ይዞ ምን ብሎ ይመልሳል? ከግቢው ጤና አዳም ሥር ልቅበረው አልኩ። የስፌት መኪና ዘይት ፈለግኩ፤ አልቋል። ጊዜ አልነበረም። ከወጥ ቤት የኑግ ዘይት አንስቼ እያንዳንዱን ቀባሁና በጨርቅ ጠቅልዬ ቀበርኩ። የኑግ ዘይት ከአየር ጋር ሲቆይ እየወፈረ ይጣበቃል፤ ይህን ለተማሪ የማስተምር ሴት ነኝ። ታኅሣሥ ላይ ተመልሰን ስቆፍረው ማር የፈሰሰባቸው ይመስሉ ነበር። አንዱም አልከፈት አለ። ላምባ ውስጥ አሳድሬ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ሲከፈቱ ግን ስለቶቹ ላይ አንድ የዝገት ነጥብ የለም፤ ያ የተጣበቀው ዘይት እንደ ቫርኒሽ ሸፍኗቸው ነበር። የማይዝግ ብረት ነው ብዬ ሳልቀባ የቀበርኩት አንድ አስመሳይ ቀይ ብቻ ዛገ።

ከዚያ ወዲህ ኬላ ያስተማረኝም ነገር አለ። አንድ እሑድ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ፈታሹ ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ «እናቴ፣ ሥጋ ቤት ሊከፍቱ ነው?» ብሎ እስከ ማታ አቆየብኝ። አሁን ማንም ከሦስት በላይ ይዞ አይመጣም።

ያለፈው እሑድ ተራው የእኔ ቤት ነበር። ሥጋ ሻጩ ባቲ ያገኘውን ኤል ባራካ ይዞ መጣ። ስንት ዓመት በፎቶ ሳየው የኖርኩት! ከአባቴ ሰንጢ ጎን አስቀመጥኩት። ልብስ ሰፊው አዲሱን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ፣ ጡረተኛው ሾፌር የአባቴን አነሱ። ቀደም ባሉት ሁለት ስብሰባዎች ነርሷ ወስዳው ስለነበር አላዩትም። ዓይናቸው ደክሟል፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሻካራው ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ።

«ይህን ማን ሞረደው፣ ልጄ?»

«አባቴ ነው፣ ጋሼ።»

«የት?»

«እንጃ። አሰብ ገዝቶት ነው።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አሰብ፣ ጭነት ስንጠብቅ፣ በአንድ ቀን አራት ሰንጢ ነው የሞረድነው። ሼኩ ጣዖት ነው ብለውን። ሞረዱ የእኔ ነበር። አንዱ የደሴ ልጅ ለሌላ ሥራ ፈልጎት አገር ቤት ደርሼ እመልሳለሁ ብሎ ይዞት ሄደ።» ትንሽ ቆዩና፣ «አልመለሰውም» አሉ።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን የአባቴን የመሣሪያ ሣጥን ከአልጋ ሥር ሳብኩ። ሁለት ሞረድ አለ። አንዱ የወይራ እጀታ ያለው፣ ሌላው ራቁቱን፣ ጥርሱ በጥቁር ቀለም የተዘጋ። ሁለቱንም በጋዜጣ ጠቅልያቸዋለሁ። በሚመጣው ወር ኮምቦልቻ ይዤ እወርዳለሁ፤ የትኛው እንደሆነ እሳቸው ይወቁ።